ተራውን ያጣ መሬት፦ ከጭድ ተራ እስከ ቦረና መስክ

መርካቶ ውስጥ «ተራ» የሚለው ቃል ሥራ ይበዛበታል። ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ ስንል መደዳ ማለታችን ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን የተቀመጡበት። «ተራህን ጠብቅ» ስንል ደግሞ ወረፋ ነው። ጭድ ተራ ስሙን ያገኘው በመጀመሪያው ትርጉም ነው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሚጋፋው ከካርቶን፣ ከተሸካሚና ጭነት ከሚያራግፍ አይሱዙ ጋር ነው፤ ስሙ ግን ከተማዋ በጭድ የኖረችበትን ዘመን ይዞ ቀርቷል።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቅ ገበያ «የአገሬው ሰው ገበያ» ተብሎ ወደ ምዕራብ ተገፋ። መርካቶ የሚለው ስምም የመጣው ከዚያው ነው። በዚያ ዘመን ጭድ ለከተማዋ ነዳጅም ሲሚንቶም ነበር ማለት ይቻላል። ጭነት የሚያመላልሰው አህያና በቅሎ፣ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ፣ በየግቢው የምትታለበው ላም በጭድ ያድራሉ። የእንጨቱ ግድግዳ የሚመረገው ጭድ ገብቶበት በተረገጠና በቦካ ጭቃ ነው። ፍራሹም በጭድ ይሞላል።

ዛሬም ከብት የሚያደልብ ወይም ቤት የሚያስመርግ ሰው «አንድ ማዳበሪያ ጭድ» ብሎ ይገዛል። ማዳበሪያ ያለው ከረጢቱን ነው። ዳፕና ዩሪያ የመጣበት ከረጢት የይዘቱን ስም ወርሶ ቀርቷል።

የዚህ ቅኝት ጉዳይ ከጭድ ተራ ይነሣ እንጂ መንገዱ ሩቅ ነው። በከተማ ሣሩ ወደ ከብቱ ይሄዳል። በቦረና፣ በአፋር፣ በሶማሌና በደቡብ ኦሞ ደረቅ መስክ ከብቱ ወደ ሣሩ ይሄዳል። ከብት አፈሩን ያጠፋል ወይስ ያለማል የሚለው ክርክር ባለሙያዎችን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል አከራክሯል። ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ለተመለከተው ግን መልሱ ያለው «ተራ» በሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉም ውስጥ ነው። ወሳኙ ነገር መሬቱ የማረፊያ ተራ ያለው መሆኑና የተወሰደበት የሚመለስለት መሆኑ ነው።

ጥርስ፣ ኮቴና እበት

ነገሩን ለማየት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ዝናብ ካባራ ሰንበት ባለ የቆላ መስክ ላይ የደረቀች የላም እበት በእንጨት ገልበጥ ቢያደርጉ፣ ዙሪያው አቧራ ሆኖ ሳለ ከሥሯ ያለው አፈር ጠቆር ብሎ እርጥበቱን እንደያዘ ያገኙታል። ምስጥ ከታች በኩል ቦርቡሯታል፤ ጥንዚዛ ድርሻዋን እያንከባለለች ወስዳ ቀብራለች። የሚቀጥለው ዝናብ ወደ መሬት የሚሰርገው በእነዚህ ነፍሳት ቀዳዳዎች ነው።

ከእበቷ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከብቱ ወደ ውሃ የሚወርድበት ዱካ አለ። እዚያ ነጋ ጠባ የተረገጠው አፈር በእበት እንደተለቀለቀ የቤት ወለል ጠጥሯል። ጠብታው ሲያርፍበት ይፈነጠራል እንጂ አይገባም። ያልገባው ውሃ ተጠራቅሞ ቁልቁል ሲወርድ የላዩን አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ዱካው ከዓመታት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። እንስሳው ያው፣ ኮቴውም ያው ነው። አንዱ ቦታ አልፎ ሄደ፤ ሌላው ቦታ ተመላለሰበት።

ጥርስም እንዲሁ ነው። ሣር ከላይ ሲጋጥ ቅጠሉን ለመተካት ከሥሩ ያጠራቀመውን ያወጣል። ፋታ ካገኘ ይተካል፣ ሥሩንም መልሶ ያጠልቃል። ባቆጠቆጠ ቁጥር ከተጋጠ ግን ሥሩ እያጠረ ይሄድና ከዓመት ዓመት የሚዘልቀው ሣር ይሞታል፤ በቦታው በአንድ ዝናብ በቅሎ በአንድ ፀሐይ የሚደርቅ ሣር ይተካል፤ ቀጥሎም ራቁት መሬት ይመጣል። በሌላ በኩል ጭራሽ ያልተጋጠ ሣር በደረቅ አገር ቆሞ ይደርቃል፤ አሮጌው አገዳ አዲሱን ቡቃያ ጥላ ያጠላበታል።

የእበቱ ፍግ ምን ያህል ዘመን እንደሚከርም ከኬንያ የተገኘ ማስረጃ አለ። በደቡብ ምዕራብ ኬንያ ከ1,550 እስከ 3,700 ዓመት በፊት ከብት አርቢዎች የሰፈሩባቸውን ቦታዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የጥንቱ በረት አፈር ዛሬም ከአካባቢው የበለጠ ፎስፎረስ፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም እንደያዘ እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳይተዋል። አርቢዎቹ ሰፍረው ሄዱ፤ ሣሩ ግን ለምቶ ቀረ፤ የዱር አራዊትም እስከ ዛሬ ይመርጠዋል።

ደስታ የተባለው መቅሠፍት

የእኛ አገር ዘመናዊ የከብትና የመሬት ታሪክ የሚጀምረው በባዶ በረት ነው። አገሬው «ደስታ» ብሎ የጠራው የከብት በሽታ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገብቶ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አመጣ። ከአገሪቱ ከብት ዘጠና ከመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን ጦም አሳደረ፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ይነገራል።

በሽታው አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ ጫፍ ወረደ፤ የዱሩንም እንስሳ አላስቀረም። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ሜዳ ከብቶች በክትባት ከዳኑ በኋላ በሽታው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠፋ። ያን ጊዜ ሦስት መቶ ሺህ እንኳ የማይሞላው የዊልደቢስት መንጋ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ከሚሊዮን አለፈ። ይህን ያህል አፍ ሲጨመር መሬቱ ይራቆታል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። የሆነው ሌላ ነው። መንጋው ሣሩን ስለበላው ሰደድ እሳት የሚይዘው አጣ፣ ዛፍ ተመለሰ፣ አፈሩና ዕፀዋቱ የሚይዙት ካርቦን ጨመረ። መንጋው ግን ዝናብ ተከትሎ ዓመቱን ሙሉ የሚዞር መንጋ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

ከሴሬንጌቲ የምንይዘው አንድ ነገር አለ፤ ግጦሽና እሳት ተፎካካሪዎች ናቸው፣ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። ይህ ሚዛን በቦረና ሲዛባ የመጣው ሌላ ነበር።

እሳትና ጭድ

ቦረና የምንጭ አገር አይደለም። በጋ የሚወጣው በጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ዘጠኙ ቱላዎች የሚባሉት ኤላዎች የታወቁ ናቸው። ከጉድጓዱ ጥልቀት እስከ ገንዳው ድረስ ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። ከብቱ የሚጠጣው በወረፋ ሲሆን ወረፋውን የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ አንድ መንጋ በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል።

ይህ ሥርዓት ሲታይ የውሃ ሕግ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የአፈር ሕግ ነው። ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ የሚጠጣ ከሆነ ከኤላው ርቆ መጋጥ ይችላል፤ ስለዚህ በኤላው ዙሪያ ያለው መሬት ብቻውን አይደቅም። ውሃውን የሚቀዳው የሰው ክንድ በመሆኑም የጉልበቱ መጠን የከብቱን ቁጥር ይወስናል። በዚያ ላይ መንጋው ይከፈላል፤ የሚታለቡት ላሞች መንደር አካባቢ ይውላሉ፣ ደረቁና ጎረምሳው «ፎራ» ተብሎ ሩቅ ይሰደዳል። ለጥጃ የሚታጠረው መስክ «ካሎ» ይባላል። እንግዲህ ውሃው ተራ አለው፣ ሣሩም ተራ አለው።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ ይህ ሥርዓት በሁለት በኩል ተነካ። አንደኛው በማሽን የተቆፈረ ኩሬ ነው። የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ፕሮጀክት ውሃ በሌለበት ውሃ አመጣ፤ ዓላማው በጎ ነበር። ነገር ግን ኩሬ ክንድ አይጠይቅም፣ አባ ሄሬጋም የለውም። የክረምት ብቻ የነበረው መስክ በኩሬው ምክንያት ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሆነ፤ ሰውም ሰፈረበት፤ ቀጥሎም ሞፈር ገባ። በሶማሌ ክልል ሀውድ ቢርካ የሚባሉት የሲሚንቶ ውሃ ማጠራቀሚያዎች መበራከትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው።

ሁለተኛው እሳት ነው። እኛ ደገኞች የማይስማሙ ሰዎችን «እሳትና ጭድ» እንላለን። በቦረና ግን እሳትና ሣር የቆዩ ወዳጆች ነበሩ። ቦረና በየተወሰነ ዓመቱ አሮጌውን ሣር በእሳት ይለቅቅ ነበር፤ እሳቱ መዥገር ይቀንሳል፣ ከሁሉም በላይ የግራር ችግኝ ገና በልጅነቱ ይቀጫል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። እሳቱ ቀረ፣ ከብቱ በአንድ ቦታ በረታ፤ ሁለቱም የጠቀሙት እሾሁን እንጂ ሣሩን አይደለም። ዐሥርተ ዓመታት ሲያልፉ የሣር ሜዳው ቁጥቋጦ ወረሰው። ከእሾሁ ሥር ለከብት የሚሆን ነገር የለም፤ በቁጥቋጦዎቹ መካከል ያለው መሬት ገላጣ ነው፤ ዝናቡም እዚያው ነው የሚያጥበው። በከብት የሚታወቀው ቦረና ቁጥቋጦ የሚቀነጥሰውን ግመልና ፍየል ማብዛት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ድርቁ ያን ያህል የበረታው ሰማይ ስለነጠፈ ብቻ አይደለም፤ መንጋውም የሚያፈገፍግበት መስክ አልቆበት ነበር።

የአዋሽ ዳር

በአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ አረፍ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት በቀለ፣ ሰላሙ እንዴት ነው። ዳጉ ለከተማው ሰው የወሬ ባህል ይመስለዋል፤ ለአርብቶ አደሩ መንጋ የሚመራበት ካርታ ነው። በካርታው መካከል አዋሽ አለ። በክረምት ከብቱ በሰፊው በረሃ ተበትኖ ይውላል፣ በበጋ ወንዙ ሞልቶ ካጠጣው ዳርቻ ይሰበሰባል።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጥጥ በተንዳሆ፣ ሸንኮራ በመተሐራ ለመሬቱ ዋና ባለመብት ሆኑ። ለእርሻ የተወሰደው ከአፋር ስፋት አንጻር ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። ጥቂቱ ግን የበጋ መሸሸጊያው ነው፤ የበጋውን መሸሸጊያ የወሰደ የክረምቱንም መስክ እንደወሰደ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም መሄጃ ያጣው መንጋ በበረሃው መሬት ላይ ያለጊዜው ይቆይበታል።

በደርግ ዘመን ደግሞ በረሃን ለማልማት ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለው የላቲን አሜሪካ ዛፍ ገባ። አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ከብትና ፍየል ይወዱታል፣ ዘሩ ግን አይፈጭላቸውም። መንጋው በሄደበት ሁሉ ዘሩ ከእበትና ከበጠጥ ጋር ይወርዳል፤ እርጥበትና ፍግ ያገኘ ዘር ወዲያው ይበቅላል። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተዛምቷል። ለሺህ ዓመታት ሣር ሲዘራ የኖረው ያው እበት አሁን እሾህ ይዘራል። የፍጉ ጉልበት አልተለወጠም፤ የሚሸከመው ዘር ተለወጠ።

የባለሙያው ክርክር

ከብት ብዙ ነው፣ መሬት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ከብት ይቀነስ የሚለው ሐሳብ የቅኝ ገዢዎች ዘመን ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የእንግሊዝ አስተዳደር በኬንያ የካምባ ሕዝብን ከብት በግድ ሊቀንስ ሲነሣ ሕዝቡ ናይሮቢ ድረስ ተምሞ ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን የጋራ መሬት መጨረሻው ጥፋት ነው ሲል ጻፈ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው በማለት። ሃርዲን በልቡ የሣለው መስክ ባለቤትም ሽማግሌም የሌለው ነበር፤ አባ ሄሬጋ ያለበትን ኤላ አላየም።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ኤሊስና ስዊፍት የተባሉ ተመራማሪዎች ከደቡብ ኦሞ አዋሳኝ ከቱርካና ተነሥተው ሌላ ነገር አሉ። ዝናብ በሚዋዥቅበት አገር የከብቱን ቁጥር የሚወስነው ድርቁ ነው፤ ከብቱ ሣሩን ከመጨረሱ በፊት ድርቁ ከብቱን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የአርብቶ አደሩ ጥበብ ቁጥር መገደብ ሳይሆን በጊዜ ገለል ማለት ነው። ሌላው ጫፍ ላይ የዚምባብዌው አለን ሴቨሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባደረገው ዝነኛ ንግግር፣ ብዙ ከብት ሰብስቦ በፍጥነት ማንቀሳቀስ በረሃን ይመልሳል አለ። ብዙ የግጦሽ ተመራማሪዎች ማስረጃው ይህን ያህል አያስኬድም ብለው ተቃውመውታል፤ ኮቴ ራቁት አፈርን ሰብሮ ያለማል የሚለው ነገር በየቦታው አልሠራም። ከንግግሩ ጸንቶ የቆመው ክፍል ማንኛውም የአፋር ሽማግሌ የሚያውቀው ነው፤ የተጋጠ መሬት ይረፍ።

በእኛ አገር ክርክሩ በቁጥር ተጀመረ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የደጋ መሬት ጥናት፣ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ደግሞ በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ በመሳሰሉ ጣቢያዎች መለካት ያዘ። ከዚህ ሥራ የተነሡት የሃንስ ሁርኒ ግምቶች በሄክታር በዓመት ከእርሻ ማሳ 42 ቶን፣ ከግጦሽ መሬት 5 ቶን ይታጠባል ይላሉ። እንግዲህ ስሙ የጠፋው ከብት ነው፣ አፈሩን ይበልጥ የሚሰደው ግን ማረሻው ነው። ይህ ማለት ግጦሹ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከጠጠረ የጋራ መስክ የሚወርደው ጎርፍ ከሥሩ ያለውን ማሳ ይሰነጥቃል። ሁለቱን ለያይቶ መክሰስ ግን ያስቸግራል፤ የግጦሹን መሬት እያጠበበ ከብቱን በአንድ ጥግ ያጨናነቀው የእርሻው መስፋት ራሱ ነው።

ማረፍና መመለስ

ደጋውም ቢሆን ተራ የሚያውቅ ነበር። መንዝ ጓሳ እንደ ቦረና ደረቅ አይደለም፤ ብርድና ጉም የማያጣው አምባ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ዘሮች ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ በተመረጠ አባት እየተመሩ፣ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጉትና ጊዜው ሲደርስ ለግጦሽና ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ሕግ ርስቱን ሲሽር ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። ይህን ያየው ሕዝብ በኋላ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ አምባ ነው።

በትግራይ ደግሞ ከብት የተከለከለባቸው ተራሮች ለምተዋል። ከተከለለ በኋላ ሣሩ ጎርፉን ያዘ፣ አፈሩ ጠቆረ፣ ከታች ያለው የጉድጓድ ውሃ ከፍ አለ፤ አብርሃ ወአጽብሃ የተባለው መንደር ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳቶር ሽልማት ተቀብሏል። ከብቱ ግን ይበላል። ስለዚህ ሣሩ ይታጨዳል፣ በሸክም ወደ በረት ይሄዳል። እዚህ ላይ ሌላ ዕዳ ይነሣል። መስክ ላይ የዋለ ከብት የበላውን አብዛኛውን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ታጭዶ የሄደ ሣር ግን እበቱ በረት ነው የሚወድቀው፤ እበቱም በብዙ ደጋ ቤት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል።

የኢትዮጵያ ከብት ዛሬ ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። ከመኖው ከግማሽ በላዩ ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። ግጦሹ በጠበበ ቁጥር የጭዱ ድርሻ ይሰፋል፤ አገሩ ቀስ በቀስ ወደ ጭድ ተራ ሥርዓት እየገባ ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ መሬትና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ ለቦረናና ለአፋር የሚጠቅመው ድግሱ ሳይሆን መንጋው የሚሄድበት መንገድ እንዳይዘጋ መደረጉ ነው። ለደጋው የሚጠቅመው ደግሞ የፍጉ መመለሻ መንገድ ነው።

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ መንገድ ላይ ድርቆሽና ጭድ ተራራ አህሎ የተጫነበት አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲያዘግም ያላየ የለም። ካራገፈ በኋላ ባዶውን አይመለስም፤ የመርካቶ ነጋዴ ባዶ መኪና አይወድም። ቆርቆሮ፣ ጄሪካን፣ ሳሙና፣ ፕላስቲክ ወንበር ይጭንለታል። ከከተማዋ በረቶች ፍግ ጭኖ ወደ መጣበት ማሳ የሚመለስ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ገበሬው አንድ ማዳበሪያ ጭድ በላከ ቁጥር መሬቱ አንድ ማዳበሪያ ሰጥቷል። መሬቱም ተራውን እየጠበቀ ነው፤ እስካሁን የተመለሰለት ግን ባዶው ከረጢት ነው።